ሱግና በመስኮቱ ፊት ስትጨፍር

«የጓሮው ክፍል ውስጥ እባብ አለ» ያለችኝ እናቴ ናት።

ጁላይ ነበር፤ የጆሃንስበርግ ብርድ አጥንት የሚሰብርበት ወር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሰፈራችን ሜይፌር ጭር ብሏል። መስጊዱ አዛን ያሰማል እንጂ ሰጋጅ የለውም። እናቴ ባህሪያ ሁለት ጉንጮቼን በእጆቿ ያዘችና ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ዛሂራ፣ ስሚኝ። ወደዚያ በር እንዳትሄጂ። ወደ መስኮቱም እንዳትጠጊ። መርዛም ነው፤ ትንፋሹ ራሱ ይገድላል» አለችኝ። እጆቿ ሳኒታይዘር ይሸቱ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴ ደግሞ የሰፈሩ ሴት ሁሉ «ባህሪያ ካለችው እውነት ነው» የሚላት ሴት ናት። እንዴት አላምናትም?

የምንኖረው ጋሽ አብዱልሀፊዝ የሚያከራዩት ግቢ ውስጥ ነበር። በመንገዱ ወገን የተከራዮች ክፍሎች ተደርድረዋል። መሀሉ ልብስ የሚሰጣበት፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ሜዳ ነው። በጓሮው ወገን ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን አሉ። አንደኛው ድሮ የሸቀጥ መጋዘን የነበረ፣ ትልቅ መስኮት ያለው ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት መስኮቱ ያንጸባርቃል፤ ከውጭ የቆመ ሰው የራሱን መልክ እንጂ ውስጡን አያይም። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሱግና ትኖራለች።

ሱግና ሕንዳዊት ናት። ግን እንደ ሰፈራችን ሕንዶች አልነበረችም። እነሱ እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ሱቅና ፎቅ ያላቸው ሰዎች ናቸው። እሷ የመጣችው ራጃስታን ከሚባል የበረሃ አገር ነው፤ ከጨፋሪ ጓደኞቿ ጋር፣ እዚሁ አጠገባችን ፎርድስበርግ ሰፈር ለሚደገስ ሰርግ። ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው ሎክዳውን ታወጀ። በኋላ ጓደኞቿን የሚመልስ አውሮፕላን ሲገኝ እሷ በኮሮና ተይዛ ስለነበር ጥለዋት ሄዱ። ጋሽ አብዱልሀፊዝ «የሰው አገር ሴት መንገድ ላይ አትጣልም» ብለው ክፍሏን ሰጧት። ሦስት ሳምንት ታማ ዳነች።

አባቴ ተማም ከከተማው ዳር፣ ዲፕስሉት ነው ያለው፤ ሱቁ ውስጥ። እንደዚያ ነበር የማውቀው። ሎክዳውን ከገባ ጀምሮ ሱቁን ጥሎ ቢመጣ ይዘርፉታል ተብሎ እዚያው ያድራል፤ ማታ ማታ ይደውልልኛል።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ በለጥሽ ከእናቴ ጋር፣ ሁለቱም ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ በር ላይ ቆመው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«የሱግና አያት እባብ ያዥ ነበር አሉ» አለች እትዬ በለጥሽ። «በቅርጫት ተሸክሞ በየመንደሩ የሚዞር። ዘራቸው እንደዚያ ነው።»

«እንጃ። እሷ ግን አትፈራም» አለች እናቴ። «አንዴ ይዟት ለቋታል። ሁለተኛ አይነካትም ይላሉ።»

«ብቻዋን ነው የምትገባው?»

«ብቻዋን። እኔማ በዚህ አራስ ልጅ እንዴት ልግባ?»

ዛሬ ሳስበው ሁለት የተለያየ ወሬ ነው። አንዱ የሱግና አያት ነገር ነው፤ ሌላው የበሽታው። የዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ሰፋው። እባቡ የሱግና ነው። በቅርጫት ነው ያመጣችው። አንዴ ይዟት ለቋት፣ አሁን ተላምደዋል።

ማስረጃም አላጣሁም። ከጓሮው ክፍል ቀንም ሌትም የማያቋርጥ «እዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይወጣ ነበር። እባቡ ሲያንኮራፋ ነው አልኩ። ጋሽ አብዱልሀፊዝ ከመስጊዱ የእርዳታ ሰዎች ተማጽነው ያመጡት የኦክስጅን ማሽን መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ሜዳውን ትንሽ ስታሞቀው፣ ሱግና ትወጣለች። ጥቁር ሰፊ ቀሚስ ትለብሳለች፤ ጠርዙ ቀይና ቢጫ ጥብጣብ፣ ጨርቁ ላይ ጥፍር የሚያካክሉ መስታወቶች የተሰፉበት። ስልኳን ድምፁ እንዲጎላ ባዶ ባልዲ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ከባልዲው የሚወጣው የእባብ ጠሪዎች ዋሽንት ነው፤ የሚያለቅስ፣ ትንፋሽ የማይወስድ ዜማ። መጀመሪያ እጇ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቀጥሎ ክንዷ፣ ከዚያ ወገቧ። ወገቧ ወደ ግራ ሲሄድ አንገቷ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በመጨረሻ ወደ ኋላ ትለመጥና፣ ጭንቅላቷ ሲሚንቶውን እስኪነካ ወርዳ፣ መሬት ላይ ያስቀመጠችውን ቀለበት በጥርሷ ታነሳለች።

«እኛ በትከሻችን ነው የምንጨፍረው» አለች እትዬ በለጥሽ አንድ ቀን እያየች። «ይቺ በአከርካሪዋ ነው። አጥንትም ያላት አይመስለኝ።»

እኔን ያስፈራኝ ግን መለመጧ አይደለም። ለእኛ ጀርባዋን ሰጥታ የምትጨፍረው ወደ መስኮቱ ዞራ መሆኑ ነው።

አንድ ቀን ጨፍራ ስትጨርስ እጇን ዘረጋችልኝ። «ነይ» አለች። ከአማርኛ የምታውቀው እሱንና «እሺ»ን ነው።

ወደ እናቴ ዞርኩ። ሮጣ የምትይዘኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «ሂጂ» አለችኝ። «መስኮቱን አትንኪ እንጂ ከሱግና ጋር ምንም አትሆኚም።» ድምፏ የለመድኩት አልነበረም፤ ልመና ነበረው። ያስጠነቀቀችኝ እናት ራሷ ወደ እባቡ ገፋችኝ። ሄድኩ።

ሱግና የእናቴን ረጅም ጉርድ ወገቤ ላይ አሰረችልኝና ጉመር የሚባለውን ጭፈራ አስተማረችኝ። በአገሯ ሴቶች ክብ ሠርተው፣ ቀሚሳቸውን እንደ ጃንጥላ እየነፉ ቀስ ብለው የሚሽከረከሩበት ነው። ሁለት እርምጃ፣ አንድ ጭብጨባ፣ አንድ ዙር። እኔ እንደ እንዝርት መሾር ፈለግኩ፤ እሷ ግን መስኮቱ ፊት ስደርስ ታስቆመኛለች። አገጬን በጣቷ ቀና አድርጋ ፊቴን ወደ መስታወቱ ትመልሳለች። «ፌስ» ትላለች በእንግሊዝኛ። «ፌስ፣ ዛሂራ። ስማይል።»

እባቡ መልኬን እንዲለምድ እያደረገች ነው አልኩ በልቤ። መስታወቱ ውስጥ የሚታየኝ ግን ፈገግ ለማለት የሚታገል የራሴ ፊት ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ አባቴ ደወለ።

«ዛሬ ምን ሠራሽ የኔ እናት?»

«ጨፈርኩ፣ አባ። የሕንድ ጭፈራ።»

«ጎበዝ።» በየሁለት ቃሉ መሀል ዝም ማለት ጀምሮ ነበር፤ እናቴ ኔትወርኩ ነው ትለኛለች። «ያ ቀይ ሹራብ… በጣም ያምርብሻል። ነገም ልበሺው።»

ቀዩን ሹራብ እናቴ የገዛችልኝ ሎክዳውን ከገባ በኋላ ነው። ዲፕስሉት የተቀመጠ ሰው እንዴት አየው ብዬ አልጠየቅኩም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

አባቴ ዲፕስሉት አልነበረም። ይህን ያወቅኩት ዘንድሮ፣ በሃያ አንድ ዓመቴ ነው። በዚያ ጁላይ ሁለተኛ ቀን እንደ እሳት እያተኮሰው አንድ ጓደኛው በመኪና አምጥቶት ነበር። ሆስፒታል ቢሄዱ አልጋ የለም፤ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ብቻ። የስደተኛ ወረቀቱ ጊዜው ካለፈ ወራት ሆኖታል፤ የሚያድሰው ቢሮም ተዘግቷል። «ከማላውቀው ሰው መሀል አልሞትም፤ ወደ ልጆቼ መልሱኝ» አለ። ሙሰብ ወንድሜ አራት ወሩ ነበር። ለእኔ ቢነገረኝ ሮጬ እንደምገባ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ እናቴ እባብ ፈጠረች። ሱግና አንዴ ታማ ስለዳነች አስታማሚ ሆና ገባች። ከአልጋው ሆኖ እንዲያየኝ ሜዳው ላይ እንድጨፍር ያሰበችውም እሷ ናት።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ከመሸ በኋላ፣ ሎድሼዲንግ ሆነና መብራት ጠፋ። የጓሮው «እዝዝዝ» አብሮ ጠፋ። እናቴ ጫማ ሳታደርግ ሮጣ ወጣች። ጋሽ አብዱልሀፊዝ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር! አንድ ብቻ!» እያሉ ይጮሃሉ። እትዬ በለጥሽ «በስመ አብ፣ በስመ አብ» እያለች ታማትባለች። እባቡ ነቅቶ ወጣ ማለት ነው ብዬ አልጋ ላይ ቆምኩ፤ ከዚያ ወርጄ በበሩ ስንጥቅ አጮለቅኩ።

ያኔ ሱግና ከክፍሏ ወጣች። ጭንቅላቷ ላይ የብረት ድስት አለ፤ ከድስቱ ውስጥ እሳት ይነዳል። በእጇ አልደገፈችውም። በድቅድቁ ጨለማ እሳቱን ተሸክማ፣ አንገቷ ሳይነቃነቅ፣ ተረከዟን ሲሚንቶው ላይ እየመታች መስኮቱ ፊት ወዲያና ወዲህ ትላለች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ዋሽንት የለም፤ ተረከዟ ብቻ። ፊቷ በእሳቱ ብርሃን ቀይ ሆኗል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሲሊንደሩ በመኪና እስኪመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደዚያ ስትረግጥ ቆየች። የምትጠራው ሰይጣን ነው አልኩ፤ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቼ የማውቃትን ሱራ ሁሉ ቀራሁ።

ዘንድሮ ሱግናን ፈልጌ አገኘኋትና በስልክ፣ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት። ቻሪ ይባላል አለችኝ፤ በአገሯ ለደስታ ቀን የሚጨፈር። «አባትሽ በጨለማው ፈርቶ ትንፋሹ ተቆራረጠ» አለች። «እሳቱን እንዲያይ፣ እግሬን እየቆጠረ እንዲተነፍስ ብዬ ነው። አንድ እርምጃ አስገባ፣ አንድ እርምጃ አስወጣ።»

ከዚያ ሌሊት በኋላ አባቴ መደወል አቆመ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን።

«አባ ለምን አይደውልም?»

«ኔትወርክ የለም።»

«አንቺስ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ሽንኩርት ነው» አለችኝ። እጇ ላይ ሽንኩርት አልነበረም፤ የሙሰብን ልብስ እያጠፈች ነበር።

ነገሩ ተገለጠልኝ። ሱግና በእሳቱ ሌሊት እባቡን ወደ ዲፕስሉት ልካዋለች፤ ወይም እባቡ በመስኮቱ እኔን አይቶ፣ በእኔ በኩል አባቴን አውቆታል። እንዴትም ይሁን፣ ክፉው ነገር የሚያልፈው በመስኮቱ ነው። መስኮቱ መደፈን አለበት።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ሙሰብን ስታጠባ፣ ሱግናም ሜዳው ላይ ሳትኖር፣ የዘይት ካርቶን ዘርግቼ፣ የእናቴን ፕላስተር ይዤ፣ የለስላሳ ሳጥን እየጎተትኩ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ሳጥኑ ላይ ስወጣ ፊቴ ከመስታወቱ ጋር ተገጣጠመ፤ አፍንጫዬ ሊነካው ምንም አልቀረው። የላይኛውን ጠርዝ ለጠፍኩ። የግራውን ለመለጠፍ ስንጠራራ ሳጥኑ ተወላገደ። ያን ጊዜ ከውስጥ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ አንድ ነገር ቧጠጠ። ከዚያም ሰማሁት፣ ቀጭን የፉጨት ድምፅ። «ስስ… ስስ…»

አልሸሸሁም። እስከ ዛሬ ከሕይወቴ ሁሉ ደፋር የነበርኩባት ቅጽበት እሷ ናት። ጥርሴን ነክሼ አራቱንም ጠርዝ ለጥፌ፣ ላዩ ላይ ሁለተኛ ካርቶን ደርቤ ወረድኩ።

ሱግና በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ነበረች። አልጋው ከመስኮቱ ሥር ነው። አባቴ ከሦስት ቀን ወዲህ እጁን አንስቶ አያውቅም ነበር፤ የዚያን ጊዜ አነሳው፤ ጥፍሮቹ መስታወቱን ነኩ። ሱግና በስልክ ስትነግረኝ አንድ ቃል ይዛ ነበር፤ ትርጉሙን ሳታውቅ አሥራ ሁለት ዓመት ያስቀመጠችው።

«ከስ፣ ከስ ይል ነበር» አለችኝ። «ድምፅ አልነበረውም። ምን ማለት ነው?»

«ቀስ በይ ማለት ነው» አልኳት። «እንዳትወድቂ ማለት ነው።»

ካርቶኑን ልታነሳ ልትወጣ ስትል አባቴ ቀሚሷን ያዛት፤ ራሱንም ነቀነቀ። ለምን እንደከለከላት አታውቅም። እኔም አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ ጓሮው ዝም ብሏል። «እዝዝዝ» የለም። መብራት ግን አለ። በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ። ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግራቸው ነጭ የለበሱ አራት ሰዎች ከጓሮው ክፍል አንድ ረጅም የታሸገ ነገር ተሸክመው ወጡ። ርዝመቱ እንዳሰብኩት ነበር። ጋሽ አብዱልሀፊዝ ከሩቅ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። ሱግና በሯ ላይ ተቀምጣ ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፍታለች። ገባኝ፤ እባቧ ሞቶባት ነው።

እናቴ ግድግዳው ጥግ ቆማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነበር። ሮጬ እጇን ያዝኩ።

«እማ! እባቡን ገደልኩት!» አልኳት። «መስኮቱን እኔ ነኝ የደፈንኩት። ታፍኖ ሞተ!»

እናቴ አየችኝ። ቀጥላ ካርቶኑን አየች። በግድግዳው ተንሸራታ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። የምትመታኝ መሰለኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች።

«አንቺ አይደለሽም» አለችኝ። «ስሚኝ ዛሂራ። በራሱ ጊዜ ነው የሞተው። አንቺ አልገደልሽውም። በይ።»

«እኔ ነኝ እንጂ…»

«አልገደልኩትም በይ!»

«አልገደልኩትም» አልኩ። ጀግንነቴን ስለወሰደችብኝ ቅር አለኝ።

መርዶ የተነገረኝ ከዚያ ጠዋት በዘጠነኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ነው። ከእንቅልፌ ሲቀሰቅሱኝ ግቢው ሙሉ ሰው፣ ሁሉም ማስክ አድርጎ፣ ተራርቆ ቆሟል። ጋሽ አብዱልሀፊዝ ተንበርክከው፣ አባቴ ዲፕስሉት ታሞ መሞቱንና ወደ አላህ መሄዱን ነገሩኝ። እትዬ በለጥሽ ጮኸች። ሱግና ልታቅፈኝ መጣች። በእሷ ነው አባቴን ያጣሁት ብዬ የዘረጋችውን እጅ ደም እስኪወጣ ነከስኩት። እጇን አልነጠቀችኝም። እስክለቃት ጠበቀችኝ።

ኦገስት ውስጥ አውሮፕላን ተገኝቶላት ሄደች። ልሰናበታት አልወጣሁም።

ዘንድሮ እናቴ እውነቱን ስትነግረኝ በጣም ተቆጣሁ። አባቴ አሥራ አምስት እርምጃ ርቆኝ ሲሞት፣ አንድ ቀን እንኳ «አባ» ብዬ ልጠራው አለመቻሌ አቃጠለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ? ለምንስ አሁን? አልኳት።

«ሙሰብ፣ ‹አባቴ የሞተበትን ሱቅ አሳዪኝ› አለኝ» አለች። «ለሁለተኛ ልጅ መዋሸት አቃተኝ። አንቺ ንገሪው። እኔ አፌ አይከፈትም።»

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ሙሰብን አስቀምጬ ነገርኩት። ቁመቱ እኔን ሊያክል ነው፤ ድምፁ መጎርነን ጀምሯል። ስለ ማሽኑ፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ካርቶኑም ሳልደብቅ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ የጫማውን ክር እየፈታና እያሰረ ብዙ ቆየ።

«ሶ… ሲስ፣ አንቺን በመስኮቱ ያይሽ ነበር» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔንስ? እኔንም ያየኝ ነበር?»

በዚያ ጁላይ ሙሰብ ብርድ ይመታዋል፣ በሽታም ያገኘዋል ተብሎ ከክፍላችን ደጃፍ ለአንድ ቀን እንኳ አልወጣም። እናቴ በሩ ሲከፈት በብርድ ልብስ ትሸፍነው ነበር።

ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«በየቀኑ» አልኩት።